አባቴን ትንሽ ያመመው ቀን

ጅማ መርካቶ ገብታችሁ «ረውዳ ጨርቅ ሻጯ» ብትሉ ሱቄን የሚያሳያችሁ ሰው አታጡም። ሱቁን ከማየታችሁ በፊት ግን ድምፄን ትሰማላችሁ። ለፍላፊ ነኝ፣ አልክድም። ያን ቀን ግን አንዲት ቃል ከአፌ ማውጣት አቅቶኝ ነው ይሄ ሁሉ ጉድ የተፈጠረው። እኔ ብቻ ብሆን ጥሩ፤ አንድ ከተማ ሙሉ ሰው ነው ያችን ቃል መናገር ያቃተው።

መጀመሪያ ስለ አባቴ ላውራ። መምህር ኑረዲን ይባላል፤ እኛ ቤት አባባ ነው። አጋሮ ተወልዶ፣ አጋሮ አስተምሮ፣ እዚያው ጡረታ የወጣ ሰው ነው። የልጆች መጽሐፍ ይጽፋል። የሚጽፈውም የኛን አካባቢ አውሬ ነው፤ ኮረሪማ የምትሰርቀዋን ጦጣ፣ የቡናው ጥላ ዛፍ ላይ የሚውለውን ጉሬዛ። ከሁሉም የሚወደድለት አቶ ጉሬዛ ነው። አቶ ጉሬዛ ሰሌን ላይ የተሰጣ ቡና ጠብቅ ተብሎ የተቀመጠ፣ እንቅልፍ ጥሎት ዝናብ ቡናውን ጠራርጎ ሲወስደው እንኳን የማይነቃ ሰነፍ ነው። ልጆች ሲነበብላቸው መሬት ላይ እየተንከባለሉ ይስቃሉ።

ያልሳቁበት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ወሲላ ከድር። ወሲላ ማለት በኛ በኩል የአባት ወንድም ነው። የአባባ ታናሽ ናቸው፣ ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር፣ መስጊዱ አጠገብ ኮረሪማና ቅመማ ቅመም ይሸጣሉ። አባባን «አንተ» እያልኩ ነው ያደግኩት፤ ወሲላን ግን አንቱ ነው የምላቸው፣ ፊታቸው አንተ አያስብልም። ልጅ ሆነው ቡና ጠብቅ ተብለው፣ ቡናውን ዝናብ መትቶት፣ አያቴ በአርጩሜ እንደገረፏቸው ዘመዱ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ መጽሐፉ ሲወጣ ጉሬዛው ማን እንደሆነ ለማንም ጥያቄ አልሆነበትም። ጺማቸው ሲሸብት ደግሞ ባሰ። ጉሬዛ ጥቁርና ነጭ አይደል? የመርካቶ ልጆች «አቶ ጉሬዛ!» ብለው ይሮጡባቸዋል።

እሱንም ችለውት ነበር። የልጃቸው ሠርግ ላይ ግን አንድ እንግዳ፣ አማቾቻቸው ፊት፣ «ዛሬስ አቶ ጉሬዛ አልተኙም!» ብሎ ቀለደ። ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። አባባም ሳቀ። ወሲላን የገደላቸው የእንግዳው ቀልድ ሳይሆን የወንድማቸው ሳቅ ነው። ከዚያ ወዲህ አጋሮን አልረገጡም። አባባ ጅማ ሲመጣ ሱቃቸውን ዘግተው ይሄዳሉ። ሽማግሌ ተላከ፣ አልሆነም፤ ኢማሙ ተላኩ፣ ሻይ ጋብዘው መለሷቸው።

በዚህ መሀል ነው ፊልሙ የመጣው። ዮናታን የሚባል ዳይሬክተር ከአዲስ አበባ መጥቶ የአባባንና የቤተሰቡን ሕይወት ፊልም ልሥራ አለ። አባባ እንደ ሙሽራ ነው የሆነው፤ ኮቱን አስተኮሰ፣ ጥርሱን አሠራ። ታሪኩ ውስጥ ወንድሙ እንዳለ ሲረዳ ግን፣ «ከድር እሺ ካላለ ይቅር። እሱ የሌለበት ቤተሰብ የለኝም» ብሎ ቁርጡን ነገረው። ዮናታን ሄርማታ ተመላለሰ። ወሲላ «አንዴ በመጽሐፍ ሰድቦኛል፣ አሁን ደግሞ በሲኒማ ሊደግመኝ ነው?» ብለው አሰናበቱት። ልጁ ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ እሺ ይላሉ ብሎ ወሲላ የማይታዩበትን ክፍል መቅረጽ ጀመረ።

አባባ በየቀኑ እየደወለ «ምን አለ?» ይለኛል። «ገና ነው አባባ» እለዋለሁ። አንድ ቀን፣ «እኔ ሞት አይደለም የሚያስፈራኝ፤ ከከድር ሳልታረቅ መሞት ነው» አለኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

እንግዲህ ሐሙስ ጠዋት ነው። እነዮናታን ያን ቀን አጋሮ፣ አባባ ያስተማረበት ትምህርት ቤት ውስጥ እንደሚቀርጹ ነበር የማውቀው። ለአንዲት ሙሽራ እናት ጨርቅ እየለካሁ ስልኬ ጮኸ። አዳዳ መሬማ ናቸው፣ እንደ አክስት የማያቸው፣ ከአባባ ጋር በአጥር የሚዋሰኑ ጎረቤት።

«ረውዳ፣ ልጄ፣ ሱቅ ነሽ?»

«አዎ፣ ምነው አዳዳ?»

«አጠገብሽ ሰው አለ?»

ይሄ ጥያቄ ለምን እንደሚጠየቅ የማያውቅ ሰው የለም።

«አባትሽን ትንሽ አሟቸዋል» አሉኝ። «ትንሽ ነው። ብቻ ዛሬውኑ ነይ።» ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል። ከድምፃቸው ኋላ ደግሞ የእድር ጡሩንባ ይሰማኛል።

እናንተም ታውቁታላችሁ። እኛ አገር «ሞተ» ተብሎ በስልክ አይነገርም። «በጣም አሞታል» ቢሉኝ ኖሮ ተስፋ አደርግ ነበር፤ በጣም የታመመ ሰው ይድናል። «ትንሽ አሞታል፣ ዛሬውኑ ነይ» ከተባለ ግን አልቋል። የሙሽራዋ እናት መቀሱን ከእጄ ቀስ አድርገው ወሰዱት። አባባ ጋ ደወልኩ፣ ዝግ ነው። ከሱ ጋር የሚኖረው ወንድሜ ሙባረክ ጋ ደወልኩ፣ ዝግ። ትንሽ ቆይቼ አዳዳ መሬማ ጋ መልሼ ደወልኩ፣ እሳቸውም ዘግተዋል። ሦስት ሰው ባንድ ጊዜ ስልክ ሲዘጋ ምን ይባላል? ኢና ሊላሂ አልኩና ሱቄን ለጎረቤቴ ጥዬ ወጣሁ።

እግሬ ወደ መናኸሪያ ሳይሆን ወደ ሄርማታ ወሰደኝ። ወሲላ ሚዛናቸው ፊት ቁጭ ብለዋል። ግንባራቸው፣ አቀማመጣቸው ቁርጥ አባባ። ሳለቅስ ያዩኝ መሰለኝ፣ ግን ምን ሆንሽ አላሉኝም።

«ወሲላ፣ አባባን ትንሽ አሞታል» አልኳቸው።

እጃቸው ኮረሪማው ላይ እንዳለ ቀረ። ይሄዱ ይሆን አይሄዱ ይሆን ብዬ ቆሜ ጠበቅኩ። ካልሄዱ ሁለተኛ ዓይናቸውን እንደማላይ ለራሴ ምዬ ነበር።

«ሶላቱ መቼ ነው?» አሉኝ በመጨረሻ።

«የምን ሶላት ወሲላ? ትንሽ አሞታል ነው ያልኩት።»

«እሺ» አሉ። «ትንሽ አሞታል።» ኩፊያቸውን ደፉ፣ ሱቁን እንኳን በቅጡ ሳይዘጉ ቀድመውኝ ወጡ።

ኮንትራት መኪና ያዝን። ሾፌሩ ወጣት ነው፤ ፊታችንን አይቶ ሙዚቃውን ራሱ አጠፋ። በኛ ሃይማኖት ጀናዛ አይቆይም፤ ከዙህር፣ ከቀትሩ ሶላት፣ በኋላ ተሰግዶበት ይቀበራል። ካልደረስን ወሲላ የወንድማቸውን ፊት ሳያዩ ይቀራሉ። እኔ ሴት ነኝና መቃብር አልሄድም፤ ቤት ካልደረስኩ እኔም አላየውም። እና መንገዱ አልሄድ አለኝ። ይቡ የምትባለው ከተማ ሳንደርስ ቡና የጫነ አይሱዙ ጎማው ፈንድቶ መንገዱን ዘግቶታል። ሾፌሮቹ ጆንያ ያወርዳሉ፣ ይጨቃጨቃሉ፣ አንዱ ክሪክ የለኝም ይላል። ወርጄ ሁሉንም ልሳደብ ነበር። አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ የለም፣ መልሼ ገባሁ።

ያኔ ነው ወሲላ ያወሩት። ወደኔ ሳያዩ፣ መስኮቱን እያዩ።

«ተኝቼ አልነበረም» አሉ።

«ምን አሉኝ ወሲላ?»

«ቡናውን ዝናብ የመታው ቀን። አልተኛሁም ነበር። አባትሽ ነው ከትምህርት ቤት መጥቶ ሰሌኑ ዳር የተቀመጠው። አንድ ተረት ፈጥሬያለሁ፣ ልንገርህ አለኝ። የመጀመሪያው ነው፣ ከዚያ በፊት ተረት አውርቶ አያውቅም። እኔ ተረት ስሰማ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ጨፈንኩ። እሱም ሲያወራ ራሱን ረሳ። ዝናቡ ሲወርድ ሁለታችንም አልሰማንም።»

«ታዲያ እርስዎ ብቻ ለምን ተገረፉ?»

«አብረን ነበርን ብል እሱም ይገረፋላ። ዝም አልኩ። እሱም ዝም አለ። ልጅ ነው፣ ፈርቶ ነው ብዬ እኔ ድሮ ትቼለታለሁ።» መስኮቱን በመዳፋቸው ጠረጉ። «ግን ጎልማሳ ሆኖ፣ ብዕር ይዞ፣ ተኝቶ ነበር ብሎ ጻፈኝ። እኔ የመጀመሪያ ሰሚው ነኝ። ጉሬዛ ቢለኝ አልተቀየምኩም፤ ተኝቶ ነበር ማለቱ ነው።»

ያን ሁሉ ዓመት የተለመኑት ሰው ይሄን ለማንም አልተናገሩም፤ አሁን የሚሰማው ከሞተ በኋላ ለእኔ ይነግሩኛል። ማሎ፣ እባክዎ፣ ለምን ለሱ አልነገሩትም? ብዬ ልጮህባቸው ፈለግኩ። ሳያቸው ጺማቸው በእንባ ርሷል። እጃቸውን ያዝኩት፤ እኚያ ቆጣ የሚሉ ሰውዬ አልነጠቁኝም።

መንገዱ ተከፈተ። አጋሮ ስንገባ የዙህር አዛን እየተሰማ ነው። የሰፈራችን መታጠፊያ ጋ ስንደርስ ትንሿ ተስፋዬም ተቆረጠች፤ በራችን ላይ የእድሩ ድንኳን ተተክሏል። ውስጡ ሰው ሞልቷል። በሩ አጠገብ አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰ ቃሬዛ ተቀምጧል። እዚያው በር ላይ ተቀመጥኩ። «አባባዬ!» ብዬ የጮህኩት ጩኸት ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ።

ወሲላ ግን አልቆሙም። ሰዉን ሁሉ አልፈው ቀጥ ብለው ቃሬዛው ጋ ሄዱ፣ ተንበረከኩ፣ መዳፋቸውን ጨርቁ ላይ አሳረፉ። ሰዉ ሁሉ ወደሳቸው ዞረ። ሁሉም የሚያውቃቸው ሰው ናቸው፤ አጋሮ ከረገጡ ስንት ዘመናቸው።

«ኑርዬ፣ አውፍ ብዬሃለሁ» አሉ። አውፍ ይቅርታ ነው። «አንተም አውፍ በለኝ። ከድር አልተኛም ነበር ብለህ አንድ ቀን እንድትነግራቸው ነበር የምጠብቀው። አሁን ይቅር። ጉሬዛም ልሁንልህ።»

«አልተኛህም ነበር» አለ አንድ ድምፅ።

ድምፁ ከቃሬዛው ውስጥ አልመጣም፤ ከመጣም የማመልጥበት ጉልበት አልነበረኝም። የመጣው ከአቮካዶው ዛፍ ሥር ነው። ቀና ስል ካሜራ አየሁ። ከካሜራው ኋላ በፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ ኮቱን እንደለበሰ፣ አሥር ዓመት የቀነሰ መስሎ አባባ ተቀምጧል። ተነሳ። ቀስ እያለ መጥቶ ወንድሙ ፊት ቆመ።

«አልተኛህም ነበር ከድሬ» አለ እንደገና። «እኔ ነኝ ይዤህ የነበርኩት። ስትገረፍ ከጎተራው ኋላ ሆኜ አይቻለሁ። እየሰማ ነበር ብዬ ብጽፍ፣ ማን ነበር የሚያወራለት ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። አውፍ በለኝ።»

ወሲላ አንዴ ቃሬዛውን ያያሉ፣ አንዴ አባባን ያያሉ። ከዚያ በብስጭት፣ «አንተ አልሞትክም እንዴ?» አሉ።

«ማን ሞተ አለህ?»

ወሲላ ወደኔ ዞሩ። «ማንም» አሉ። «ትንሽ አሞሃል ነው የተባልኩት።»

መጀመሪያ የሳቀው ሙባረክ ነው። ከዚያ አባባ፣ ከዚያ ድንኳኑ ሙሉ። ወሲላም፣ ወላሂ፣ ሳቁ፤ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ነው። ሁለቱ ተቃቅፈው የሚያለቅሱትንና የሚስቁትን መለየት አቃተን። እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም። መጀመሪያ አባባን ከጫማው እስከ ቆቡ ዳሰስኩት፤ ይሞቃል፣ ይተነፍሳል። አልሃምዱሊላህ ብዬ መሬት ሳምኩ። ከዚያ ተነስቼ ወደ ዮናታን ሄድኩ፤ በመንገድ ያጣሁት ድምፅ ሁሉ ተመልሶልኝ ነበር። ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤቱ ፈተና አለብን ብሎ ስለመለሳቸው፣ ቀኑ በከንቱ እንዳይሄድ የአያቴን ቀብር ለመቅረጽ ወሰኑ። ድንኳኑንና ቃሬዛውን ከእድሩ ተዋሱ። ዮናታን ነገሩ የድሮ እንዲመስል ጡሩንባ ነፊያችንን ጋሽ በቀለን ለምኖ፣ «መንገዱን እስከ ጥግ ይንፉ፣ በቃ ስልዎ ይቆማሉ» አላቸው። ጋሽ በቀለ መንፋት ጀመሩ። ዮናታን በቃ አለ። ጋሽ በቀለ አልቆሙም። ሰፈሩን ሁሉ ዞረው፣ የእድርተኛውን በር ሁሉ አዳርሰው፣ እንደ ወጉ «መምህር ኑረዲን ቤት!» እያሉ ጠርተው ተመለሱ። ለምን ብለው ሲጠይቋቸው ተቆጡ። «የእድር ጡሩንባ ከተነሳ የሁሉም በር ሳይደርስ አይቆምም። ደጃፉ የቀረበት ሰው ቢቀየምስ?» አሉ። እንግዲህ ጡሩንባ ነፊ የሚጠራው ቤቱን ነው፣ የሞተውን ሰው አይደለም። አዳዳ መሬማ ያን ጊዜ ገበያ ነበሩ፤ ጡሩንባውን ሰምተው እዚያው ቆመው ደወሉልኝ። እያለቀሱ ሲደርሱ አባባ በር ላይ ቆሞ ተቀበላቸው። ሊደውሉልኝ ሲሉ ደግሞ አንዷ የፊልም ልጅ ስልካቸውን ተቀበለቻቸው፤ ቀረጻ ላይ ስልክ እንዳይጮህ የሁሉንም ስልክ ዘግታ በዘንቢል ሰብስባ ነበር። ለቀስተኛው ሁሉ ነገሩ ሲገባው እድሩን ተቆጥቶ፣ አባባን ተሳልሞ፣ ከመጣን አይቀር ብሎ ድንኳኑ ውስጥ ቁጭ አለ። ዮናታን ያለ ክፍያ ሙሉ ለቀስተኛ አገኘ። ካሜራው እየቀረጸ ስለነበር የኔንም ጩኸት የፊልሙ መስሏቸው ነበር።

«አዳዳ፣ እንዴት እንዲህ ያደርጉኛል?» ስላቸው፣ ወገባቸውን ይዘው፣ «እኔ ሞቱ አልኩሽ? አሟቸዋል ነው ያልኩት!» አሉኝ።

ያን ከሰዓት አባባና ወሲላ አቮካዶው ሥር ተቀምጠው ሲያወሩ ዋሉ። ዮናታን በስንት ጭንቀት ቀርቦ፣ ስለ ፊልሙ ፈቃዳቸውን ጠየቃቸው። ወሲላ «ያቺ የሰሌኗ ታሪክ እንዳለች ትሠራለች። ልጁ ዓይኑን ይጨፍን። ግን ሰው ሁሉ እየሰማ እንደሆነ ይወቅ» አሉ። የሚተውነው ልጅ ዓይን አጨፋፈኑ አላምር ሲለው፣ እሳቸው ራሳቸው ሰሌኑ ላይ ተቀምጠው አሳዩት። ቃሬዛው ላይ ያሉትን ግን «ያንን አጥፉት፣ የኔና የሱ ነው» አሉና ዓይናቸው እያየ አስጠፉት።

ፊልሙ ጅማ አዳራሽ ውስጥ ሲታይ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። የሰሌኑ ቦታ ሲደርስ ልጆቹ አልሳቁም። አባባ ወደ ወሲላ ዘንበል ብሎ አንድ ነገር ሲላቸው አየሁ፤ ምን እንዳላቸው አልጠየቅኩም። የመርካቶ ልጆች ዛሬም «አቶ ጉሬዛ!» ይላሉ። ወሲላ አሁን «አቤት!» ይላሉ።

አንባቢዎቼ፣ እኔ ከዚያ ቀን በኋላ ተቀይሬያለሁ ብል የሚያውቁኝ ይስቃሉ፤ ያው ለፍላፊ ነኝ። አንድ ነገር ግን ተምሬያለሁ። ከይቡ በፊት መኪና ውስጥ ሆኜ፣ ወሲላ ያን ቃል ለሞተ ሰው ይዘው እየሄዱ ነው ብዬ ያሰብኩባት ደቂቃ ከልቤ አልወጣችም። እኛ እድሉ ተመለሰልን፣ እሱም በስህተት። ከሰው ጋር የተኳረፋችሁ ካላችሁ የኛን አትጠብቁ፤ ጋሽ በቀለ ሁልጊዜ ለፊልም አይነፉም።

ባለፈው ሳምንት አባባን ጉንፋን ያዘው። ወሲላ ጋ ደወልኩና ሳላስበው «አባባን ትንሽ አሞታል» አልኳቸው። «ረውዳ» አሉ ረጋ ብለው፣ «እንዲህ ብለሽ ሁለተኛ እንዳትደውይልኝ። ምኑን ነው ያመመው?»

«ጉንፋን ነው ወሲላ፣ ወላሂ ጉንፋን ብቻ ነው።»

ቢሆንም መጡ። ቅመም ይዘው፣ በመጀመሪያው መኪና። ማታ ሻይ ይዤ ስገባ አባባ ብርድ ልብስ ተከናንቦ አዲስ የጻፈውን ያነብላቸዋል። ወሲላ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈዋል። ብዙ መንገድ ተጉዘው ደክሟቸው ይሆናል ብዬ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «አባባ፣ ወሲላ ተኝተዋል እኮ» አልኩት።

አባባ ከወረቀቱ ቀና እንኳን አላለም።

«አልተኛም» አለኝ። «እየሰማ ነው።»